ዘፈኑ የትናንት፣ ገበያው የዛሬ፦ የትንሽ ከተማ የንግድ ራዲዮ አሠራር



በዛሬው ገለጻዬ የምመለከተው በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች የሚደመጠውን፣ «ክላሲክ ሂትስ» በሚል ስያሜ የቆዩ ተወዳጅ ዘፈኖችን የሚያሰራጨውን የንግድ ራዲዮ ነው። የማነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ እንዲህ ያለው ጣቢያ በምን ይኖራል? ለማንስ ይኖራል?

አስቀድመን ገቢውን እንመልከት። አድማጩ ለጣቢያው አይከፍልም፤ የሚከፍለው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። በትልቅ ከተማ የማስታወቂያ ዋጋ በአብዛኛው የሚተመነው በአድማጭ ብዛት ጥናት ነው። በትንሽ ከተማ ግን የመኪና ሻጩም ሆነ የቤት ዕቃ መደብሩ ባለቤት ከጥናቱ ይልቅ የሚተማመኑት ከጣቢያው ሠራተኛ ጋር ባላቸው ትውውቅና ማስታወቂያው በተነገረ ማግሥት ወደ ደጃቸው በሚመጣው ደንበኛ ነው።

የዘፈን ምርጫውም ከገቢው ጋር የተሳሰረ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች አብዝተው የሚሹት ዕድሜው ከ25 እስከ 54 ዓመት የሆነውን አድማጭ ነው። ሰው በወጣትነቱ የሰማውን ዘፈን በቀላሉ አይረሳምና፣ ጣቢያው ይህ ትውልድ በወጣትነቱ የወደደውን ያሰማል። ትውልድ ሲተካም የዘፈኑ ዘመን ይቀየራል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1960ዎቹ ዘፈኖች የነበሩበትን ቦታ የ1980ዎቹ፣ ቀጥሎም የ1990ዎቹ ዘፈኖች ወርሰውታል። እንግዲህ «ክላሲክ» የሚለው ቃል የሚለካው በዘፈኑ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በአድማጩም ዕድሜ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ወጪ ነው። የታወቁ ዘፈኖችን በተራ የሚያጫውት ጣቢያ በኮምፒዩተር ለመመራት እጅግ ይመቻል፤ የአቅራቢው ድምፅ አስቀድሞ፣ ምናልባትም በሌላ ከተማ፣ ሊቀረጽ ይችላል። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ በሚይዛቸው ጣቢያዎች ቁጥር ላይ የነበረውን ገደብ በማንሣቱ፣ ታላላቅ ኩባንያዎች በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎችን ገዙ፤ ይህም አሠራር ተስፋፋ።

ይህ ቁጠባ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በሰሜን ዳኮታ የምትገኘው የማይኖት ከተማ ታሪክ ያመለክታል። ጥር 18 ቀን 2002 ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ የጭነት ባቡር ሐዲዱን ስቶ የአሞኒያ ጋዝ በአካባቢው ተሰራጨ፤ አንድ ሰው ሞተ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችም ተጎዱ። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ስድስት የንግድ ራዲዮ ጣቢያዎች በአንድ ኩባንያ እጅ ነበሩ። ፖሊስ ስልክ ቢደውልም ከጣቢያው ፈጥኖ ምላሽ አላገኘም። ኩባንያው በበኩሉ፣ ፖሊስ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን በአግባቡ አልተጠቀመበትም ሲል ተከራከረ። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ በፈለገበት ሰዓት ራዲዮው አልደረሰለትም። ይህም ሆኖ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2017 ጣቢያዎች በሚያገለግሉት አካባቢ ስቱዲዮ እንዲኖራቸው የሚያስገድደውን የቆየ ደንብ ሻረ።

ከዚህ የምንረዳው ይህን ነው። የቆየ ዘፈን ዛሬ በማንኛውም ስልክ ይገኛል። የትንሽ ከተማ ጣቢያ ብቻውን ሊሰጥ የሚችለው ከዘፈኑ መሐል የሚናገረውን፣ የከተማዋን መንገድ፣ የአየር ጠባይና የሐዘን ዜና የሚያውቀውን ሰው ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ወጪ ተብሎ የሚሰረዘው ይህ ሰው የጣቢያው ዋና ሀብት ነው፤ ማስታወቂያ አስነጋሪውም አድማጩም የሚመጡት በእርሱ በኩል ነውና።