ሳይንቀሳቀስ የሚዞር አንቴና

አዲስ አበባን ከፍ ካለ ሕንፃ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያት ሰው የሳተላይት ሳህኖቻችን ጎን ለጎን ተሰልፈው ወደ አንድ ወይም ሁለት አቅጣጫ እንዳንጋጠጡ ያስተውላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ከታች ለሚያያቸው የቆሙ ይመስላሉ። ሳህኑን አንድ ጊዜ ያስተካከለው ባለሙያ ዳግመኛ መምጣት አያስፈልገውም። (ነፋስ ካላዛባው ማለቴ ነው። ያኔ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የቤቱ ልጅ ነው፤ ከሳሎንም «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!» የሚል አይጠፋም።)

አሁን በብዛት የሚመጥቁት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ግን ቆመው አይጠብቁንም። 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት በአናታችን ሲያልፍ በሰከንድ አንድ ዲግሪ የሚጠጋ ይጓዛል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይሰወርና ተራውን ለሌላ ይለቃል። እሱን የሚከተል አንቴና ወይ በሞተር መዞር አለበት፣ ወይ ደግሞ ባለበት ሆኖ ጨረሩን ብቻ ማዞር አለበት።

ባለበት ሆኖ ማዞር እንዴት ይቻላል? በሰልፍ የሚጓዙ ወታደሮች ጥግ ሲታጠፉ አይታችሁ ይሆናል። በውስጥ በኩል ያለው እርምጃውን ያሳጥራል፣ በውጭ ያለው ያስረዝማል፤ ሰልፉም ሳይበተን ይዞራል። የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው። በአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች ደርድረን አንዱ ጋ ሞገዱን በጥቂቱ ብናዘገየው፣ ቀጥሎ ላለው ደግሞ ጥቂት ብንጨምርበት፣ ጨረሩ ወደ ጎን ይታጠፋል። የሚያዘገየውን ክፍል መሐንዲሶች «ፌዝ ሺፍተር» ይሉታል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህን የማዘግየት ሥራ የሚሠራው ፈሳሽ ነው። በካልኩሌተራችንና በኤል.ሲ.ዲ. ቴሌቪዥናችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል የቅርብ ዘመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ፕራግ ውስጥ የነበረው ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር፣ አንድ የኮሌስትሮል ውህድ ሁለት ጊዜ «ሲቀልጥ» አየ። በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ደፍራሽ ፈሳሽ ሆነ፣ በ178.5 ጠራ። በመሐሉ ያለው ደፍራሽ ነገር እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል ሥርዓት ይዘው ይደረደራሉ።

ዛሬ ለአንቴና የሚመረጡት ፈሳሽ ክሪስታሎች ሞለኪውሎቻቸው እንደ ስንጥር ረዘም ያሉ ናቸው። የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው አቅጣጫቸውን ይለውጣሉ። የሬዲዮ ሞገድ በስንጥሮቹ አግድም ሲያልፍና በቁመታቸው ልክ ሲያልፍ ፍጥነቱ አንድ አይደለም። ለማይክሮዌቭ ተብሎ በተቀመመ ፈሳሽ ልዩነቱ ከመቶ 13 ያህል ሊደርስ ይችላል። ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ ሞገዱን በፈለግነው መጠን ማዘግየት ይቻላል ማለት ነው። የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይልም እጅግ ጥቂት ነው። ደግሞም ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ፍሪኩዌንሲ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ኃይል ሲያባክኑ፣ ፈሳሽ ክሪስታል ከ10 ጊጋኸርትዝ በላይ ጠባዩ እየተሻሻለ ይሄዳል።

ታዲያ ለምን ዓለምን አላጥለቀለቀም? መልሱ ዝግመቱ ነው። ቮልቴጁ ሲነሳ ሞለኪውሎቹ ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት ጊዜ በፈሳሹ ውፍረት ካሬ ይጨምራል። የስክሪን ፈሳሽ ውፍረቱ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የማይክሮዌቭ ግን 100 ሊደርስ ይችላል። 25 እጥፍ ወፈረ ማለት 625 ጊዜ ዘገየ ማለት ነው፤ በስክሪን 10 ሚሊሰከንድ የሚፈጀው እዚህ 6 ሰከንድ ይሆናል። ብርድ ሲጨመርበት ፈሳሹ ይወፍርና ይብስበታል። ሳተላይቱን ቀስ ብሎ ለመከተል ይህ ያን ያህል ላያስቸግር ይችላል። ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው መዝለል ሲመጣ ግን 6 ሰከንድ የተቋረጠ የስልክ ንግግር ነው። ስታርሊንክ በሴሚኮንዳክተር ቺፕ የታጨቀውን፣ ፈጣኑንና ኃይል የሚበላውን መንገድ መርጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመውና ቢል ጌትስ ገንዘብ ያፈሰሰበት የአሜሪካው ካይሜታ ደግሞ በፈሳሽ ክሪስታል ቀጥሏል። እሱ ግን ፈሳሹን ሞገድ ለማዘግየት ሳይሆን፣ ሞገድ የሚያሾልኩ ትንንሽ ቀዳዳዎችን እንደ በር ለመክፈትና ለመዝጋት ስለሚጠቀምበት በስስ ፈሳሽ ይበቃዋል። በእኔ ግምት ርካሽነትና የኃይል ቁጠባ ለሚያስፈልገው አገር የፈሳሹ መንገድ ገና አልተዘጋም።

መቼም የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ከነከነኝ። ሳህን ወዴት እንደሚያይ በዓይን ይታያል። ይህ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ግን ፊቱ ወደ ሰማይ፣ ጨረሩ ወደ ሌላ ነው። ምልክት የሚልክ አንቴና አቅጣጫ ከሳተ የጎረቤት ሳተላይትን አገልግሎት ያውካል፤ በምድር ወገብ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ደግሞ አንዳንዴ 2 ወይም 3 ዲግሪ ብቻ ነው የሚራራቁት። አገራችን አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጉዳዩን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ በውሳኔ 156፣ በ2019 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በውሳኔ 169፣ በአውሮፕላን፣ በመርከብና በተሽከርካሪ ላይ ለሚገጠሙ አንቴናዎች ደንብ አወጣ፤ ባለቤቱ ዘወትር እንዲከታተላቸው፣ ሲያስፈልግም ከሩቅ ማጥፋት እንዲችል አስገደደ። በ2023 ዱባይ ላይ ደግሞ ደንቡን ቆመው ለማይጠብቁት ሳተላይቶችም አወጣ።

ክርክር ቢነሳ ግን ጨረሩ በዚያች ሰዓት ወዴት እንደነበረ የሚመሰክረው በመሣሪያው የተያዘው መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ያለውም በአብዛኛው በተከሳሹ እጅ ነው። የሳተላይት አገልግሎት ውል የምታረቁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ መዝገቡ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥና ማን ሊያየው እንደሚችል የሚናገር አንድ አንቀጽ ብትጨምሩበት አይከፋም።