የሰው አሳብ ሲለወጥ፤ የራዲዮ ጋዜጠኛ ሥራ በማዮ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌ ለራዲዮ ጋዜጠኛ የተነገረ ይመስለናል። «የፖለቲካ አሳብህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለማንም ቀላል ነው። «ይህ አሳብ መቼና እንዴት መጣልህ?» ብሎ ከሥሩ መጠየቅ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ለዚህ ሥራ ማዮ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ማዮ ከካርቱም በስተደቡብ የሚገኝ የድኾች ሰፈር ሲሆን፥ ከደቡብ ሱዳን፥ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ቤተ ሰቦች ኖረውበታል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በጁላይ ወር 2005 ዶክተር ጆን ጋራንግ ካርቱም ሲገቡ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። እርሳቸው ይሰብኩት የነበረው አንዲት አዲስ ሱዳን እንድትቈም ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ወር በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቱ። በጃንዋሪ 2011 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶው ደቡባዊ መራጭ ከ98 በላይ የሚሆነው መለየትን መረጠ።

በ2005 ለአንድነት ያጨበጨበውን ሰው «ስለምን ከዳህ?» ብንለው አፉን ይዘጋል። «ከዚያ ወዲህ ምን ደረሰብህ?» ብንለው ግን የፈረሰበትን ቤት ወይም የቀበረውን ወንድሙን ያነሣ ይሆናል። አሳብ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ በአዋጅ ሳይሆን በእንዲህ ያለው ነገር ነው። ጽሑፍ ማመንታቱን ያስቀራል፤ የድምፅ መቅጃ ግን ዝምታውንም ጭምር ይይዛል።

ሆኖም ድምፅ አደጋ አለው። ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 ከተነሣ በኋላ፥ በሴፕቴምበር ወር በማዮ ገበያ ላይ ከአየር በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 40 ሰዎች አልቀዋል። እንዲህ ባለው ዘመን «ከጠላት ጋር ተባብረሃል» መባል ሕይወትን ያስከፍላል። ስም ቢደበቅም ጎረቤት ድምፅን ያውቃል። ስለዚህ ጋዜጠኛው ከመቅዳቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከማሰማቱ በፊትም ዳግመኛ ይጠይቃል። ተናጋሪው «ይቅርብኝ» ካለ ይቀራል።

እኛም በየመሥሪያ ቤታችንና በየቤታችን «ትናንት እንዲህ ብለህ አልነበረምን?» እያልን ሰውን ማሳፈር ለምደናል። ልጅ ከአባቱ የተለየ አሳብ ይዞ ወደ ማዕድ ሲቀርብ፥ ከመቈጣታችን በፊት ምን እንዳየና ምን እንደሰማ ብንጠይቀው መልካም ነው።