የሲራራ ሕግ በምናባዊ ዓለም፦ የተጫዋች ለተጫዋች ፍልሚያ አጀማመር ከሸሕዲ አንጻር

በኢንተርኔት በሚካሄዱ ምናባዊ ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋች ኮምፒውተሩ ከሚያዘው ጠላት ጋር ሳይሆን ከሌላ ሰው ጋር የሚገጥምበት ፍልሚያ በተለምዶ «ፒቪፒ» ይባላል። ጀማሪ የሚሸነፈው እጁ ስለማይፈጥን ነው የሚለው አስተሳሰብ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ይህ ጽሑፍ አልቢዮን ኦንላይን የተሰኘውን ጨዋታ በምሳሌነት ወስዶ፣ ከምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከሸሕዲ ወይም ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ ወደ ፍልሚያው ለሚገባ ሰው ከእጅ ፍጥነት ይልቅ የኪሳራ ስሌትና የርቀት ግንዛቤ እንደሚቀድሙ ያብራራል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የብዙ ተጫዋቾች የጽሑፍ ዓለም ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ሪቻርድ ባርትል፣ በ1996 ባወጣው ጥናት ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ውጤት ፈላጊዎች፣ አሳሾች፣ ወዳጅነት ፈላጊዎችና በሌላው ላይ መበርታትን የሚሹ። አራተኞቹ ሲበዙ ሌሎቹ እንደሚሸሹም አመልክቷል። በ1997 የተጀመረው አልቲማ ኦንላይን ይህንኑ ችግር በተግባር በማየቱ በ2000 ዓለሙን ለሁለት ከፍሎ ያልተስማሙበት ፍልሚያ የማይፈቀድበትን ክፍል ለብቻው አበጅቷል።

በ2017 የወጣው አልቢዮን ኦንላይን መፍትሔውን በቀጠና ደረጃ አስቀምጧል። በሰማያዊው ቀጠና ተጫዋች በተጫዋች ላይ አይነሣም። በቢጫው ተሸናፊው ይወድቃል እንጂ ትጥቁን አይቀማም። በቀዩ የሞተ ሰው የያዘውን ያጣል፤ ያጠቃውም ስሙ ይጎድፋል። በጥቁሩ ግን ኪሳራው እንደ ቀዩ ሆኖ ለአጥቂው ምንም የስም ቅጣት የለበትም። ከተሸናፊው ዕቃ ከፊሉ ይወድማል፤ የቀረውን አሸናፊው ይወስዳል። ተጫዋቹ የሚጠቀምባቸው የፍልሚያ ስልቶች በለበሰውና በታጠቀው ዕቃ የሚወሰኑ በመሆናቸው፣ ትጥቅን ማጣት ለጊዜውም ቢሆን የመዋጋት ዐቅምን ማጣት ነው።

ይህን አሠራር የመተማ ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወደ መተማና ገላባት ይወርድ የነበረው የሲራራ ነጋዴ ቡናና ሰም ጭኖ ሲጓዝ ትርፉን ያስብ የነበረው ገበያ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በበረሃው ሽፍታ ሊጠብቀው እንደሚችልም ያሰላ ነበር። ስለዚህ ብቻውን አይጓዝም፤ ከባልንጀሮቹ ጋር ተጠራቅሞ በአንድ አለቃ ሥር ይነሣል። በጥቁሩ ቀጠና ማዕድንና እንጨት ሰብስቦ ወደ ከተማ የሚመለስ ተጫዋችም የሚገኝበት ሁኔታ ይኸው ነው። ጀማሪ ከሚፈጽማቸው ስሕተቶች የከፋው፣ ያለውን ምርጥ ትጥቅ ለብሶ የሰበሰበውን ሁሉ ተሸክሞ ለብቻው መውጣቱ ነው።

ስሌቱ በቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። አንድ ተጫዋች ከ5 ጉዞዎች በ1ዱ ይጠቃል፣ በተጠቃ ቁጥርም የያዘውን ሁሉ ያጣል እንበል። በ4ቱ የሰላም ጉዞዎች የሚያገኘው ትርፍ የ1ዱን ኪሳራ ሊሸፍንለት የሚችለው፣ በእያንዳንዱ ጉዞ የሚያተርፈው ይዞት ከሚወጣው ንብረት ዋጋ ሩብ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ ካነሰ ትጥቁን ማርከስ፣ መንገዱን መቀየር ወይም ጓደኛ መፈለግ ይኖርበታል። «አምስት ጊዜ ደግሜ ልገዛው የማልችለውን አልለብስም» የሚል ጀማሪ ይህንኑ ስሌት በደምሳሳው እየሠራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። ጨዋታው በአምስተርዳም፣ በዋሽንግተንና በሲንጋፖር የሚገኙ ሦስት ሰርቨሮች አሉት፤ በአንዱ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይም በሌላው አይገኝም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከመተማ እስከ አምስተርዳም ያለው ቀጥተኛ ርቀት ወደ 5,200፣ እስከ ሲንጋፖር ወደ 7,500፣ እስከ ዋሽንግተን ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ነው። በመሆኑም የደርሶ መልስ መዘግየቱ በቅደም ተከተል ከ52፣ ከ75 እና ከ110 ሚሊ ሴኮንድ በታች ሊሆን አይችልም። ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና የሞባይል ኔትወርክም የራሱን ስለሚጨምር ትክክለኛው መዘግየት ከዚህ ይበልጣል። ሰርቨር የመምረጥ ውሳኔ ከመጀመሪያው ቀን መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

ከመዘግየቱ ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ሰው ባየው ነገር ላይ እርምጃ ለመውሰድ ራሱ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚህ ላይ የማይለዋወጥ መዘግየት ቢጨመር ተጫዋቹ ይለምደዋል፤ አስቀድሞ መሰንዘርንም ይማራል። በየጊዜው የሚለዋወጥን መዘግየት ግን ሊለምደው አይችልም። ስለዚህ ግንኙነቱ የማያስተማምን ሰው በቅጽበት ምላሽ ላይ የተመሠረተ ስልትን ትቶ በአቋቋም፣ በርቀትና የባላንጣን አካሄድ ቀድሞ በመገመት ላይ የተመሠረተውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

በዚህ አካባቢ ችግሩ ከመዋዠቅ ያልፋል። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በፍልሚያ መካከል ግንኙነት ሲቋረጥ ገጸ ባሕርዩ ከሜዳው ወዲያው ስለማይሰወር፣ ለተጫዋቹ የመስመር ብልሽት የሆነው ለባላንጣው ያለ ድካም የተገኘ ምርኮ ይሆናል። መቋረጡ ሲረዝም ደግሞ የሚጠፋው ትጥቅ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ ያለ እርሱ መጓዝን ይለምዳል፣ ልምምዱም ይዝጋል። የጨዋታው ሕግ ለሁሉም እኩል ቢሆንም የመግቢያው ዋጋ ግን እንደ ተጫዋቹ አገር ይለያያል።

ከዚህ በመነሣት ለጀማሪ የሚመከረው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የመዘግየቱን መጠንና መዋዠቁን በተለያዩ ሰዓታት ይለካ። ቀጥሎ ትጥቅ በማይጠፋበት የአሬና ግጥሚያ አንድ መሣሪያ ብቻ መርጦ ይልመድ። ከዚያም በቢጫው ቀጠና ያልተጠበቀ ጥቃትን ይቅመስ። በመጨረሻ በርካሽ ትጥቅና ከቡድን ጋር ወደ ቀዩና ወደ ጥቁሩ ይሻገር። ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ «ለምን ተሸነፍኩ?» ከማለቱ በፊት «እዚያ ቦታ ያን ሁሉ ይዤ መገኘት ነበረብኝ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ መልሱን ከፍልሚያው በፊት ባደረገው ውሳኔ ውስጥ ያገኘዋል።