ከባለአጥር አልጋ ወደ ክፍት አልጋ፦ ልጅን የማዛወሪያው ጊዜ መቼ ነው?



የዛሬው ርእሳችን ሲታይ ቀላል ይመስላል። በዙሪያው አጥር ባለው አልጋ ሲተኛ የቆየ ሕፃን እንደ ታላላቆቹ በክፍት አልጋ መተኛት ያለበት ከመቼ ጀምሮ ነው? ወላጆች ጥያቄውን አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር አያይዘው ያቀርቡታል፤ «ልጄ ሁለት ዓመት ሞላው፤ አልጋውን ልለውጥለት?» ይላሉ። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ ግን የልደት ቀን ብቻውን መልስ አይሆንም የሚል ነው። መልሱን የሚሰጡን ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነዚህም የልጁ አካል፣ ራሱን የመግታት አቅሙና የሚተኛበት ክፍል ይዞታ ናቸው።

አስቀድመን የአጥሩን ጥቅም እንመልከት። የአልጋው አጥር ሁለት ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛው ልጁ ተንከባልሎ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወላጆች በተኙበት ሰዓት ልጁ ብቻውን በቤት ውስጥ እንዳይዘዋወር ማገድ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ ቀን የማያበቁ በመሆናቸው ነው። አጥሩ የልጁን አካል ማገድ የሚያቅተው፣ ልጁ ገና ራሱን መግታት ሳይጀምር ሊሆን ይችላል።

ከአካሉ እንጀምር። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ፍራሹ በመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሲደረግ፣ ከፍራሹ መደገፊያ እስከ አጥሩ አናት ያለው ከፍታ ከ66 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ልጁ 89 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ወይም የአጥሩ ከፍታ ከልጁ ቁመት ሦስት አራተኛ ሲያንስ እንዲዛወር ይመክራል። 66 ሴንቲ ሜትር የ89 ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ሁለቱ መመዘኛዎች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። አጥሩ ከደረቱ በታች የሆነበት ልጅ በአጥሩ አናት ላይ ለመገልበጥ ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከሌላው አካሉ አንጻር ከባድ በመሆኑም ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ወለሉን የሚመታው ጭንቅላቱ ነው።

በዓለም የጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ አማካይ ቁመት ያለው ልጅ 89 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ሁለት ዓመት ሞልቶት ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ቁመቱ አጠር ያለ ልጅ ግን ሦስት ዓመት ሲሞላውም ገና ላይደርስበት ይችላል። ስለዚህ በሜትር የተለካው ቁመት ከዕድሜው የተሻለ ምስክር ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ግን ልጁ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ አጥሩን ተንጠላጥሎ የወጣ ልጅ ደግሞ እንደሚሞክር መጠበቅ አለብን፤ ያን ጊዜ አጥሩ ከመከላከያነት ወደ አደጋነት ተለውጧል። ከዚያ ቀደም ብሎ ፍራሹን እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግ፣ ልጁ ሊረግጣቸው የሚችላቸውን ትልልቅ መጫወቻዎችና ትራሶች ማውጣት፣ በአቅራቢያው ያለውን ወንበር ማራቅ ይገባል።

እዚህ ላይ የአልጋውን ደኅንነት ሳላነሣ አላልፍም። ከዘመድ በውርስ የተገኘ ወይም ሁለተኛ እጅ የተገዛ አልጋ የጎኑ አጥር ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ፣ የልጁ ቁመት ምንም ያህል ቢሆን አይጠቀሙበት። እንዲህ ያሉት አልጋዎች የሕፃናትን ሕይወት በመቅጠፋቸው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ6 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። ክፍት አልጋ አጥር የለውም ስንል በእውነቱ የማይታይ አጥር አለው ማለታችን ነው፤ ያም «እስኪነጋ ከአልጋህ አትውረድ» የሚለው ቃል ነው። ልጁ ይህን ቃል እንዲያከብር ትእዛዙን መረዳት፣ በጨለማም ማስታወስ፣ ወደ እናቱ የመሮጥ ፍላጎቱንም መግታት አለበት። ይህ አቅም የሚጎለብተው ቀስ በቀስ ነው። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ትእዛዙን ቢሰማም ፍላጎቱን መግታት ያቅተዋል፤ ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ ግን ቀላል ደንቦችን ማክበር ይጀምራል። ብዙ የሕፃናት እንቅልፍ ባለሙያዎች፣ አካሉ እስከፈቀደ ድረስ፣ ወደ ሦስት ዓመት እስኪጠጋ መጠበቅን የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በብሪታንያ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከ18 እስከ 36 ወር ዕድሜ ያላቸው ልጆችን የሚያሳድጉ 1,983 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። በባለአጥር አልጋ የሚተኙት ልጆች ቀደም ብለው እንደሚተኙ፣ ሌሊት የሚነቁበት ጊዜ አነስተኛ እንደሆነና ረዘም ያለ እንቅልፍ እንደሚያገኙ አሳዳጊዎቻቸው ተናግረዋል። ተማሪዎቼ ግን እንዲህ ያለውን ውጤት በጥንቃቄ እንዲያነቡ አሳስባለሁ። ጥናቱ የተመሠረተው በአሳዳጊዎች ቃል ነው። ደግሞም በመጀመሪያውኑ በደንብ የማይተኛ ልጅ አልጋው ቶሎ ተለውጦለት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጥናቱ መቸኮል እንደማይጠቅም ይጠቁማል እንጂ የአጥሩን ፈዋሽነት አያረጋግጥም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ ደረስን። ገና ሃያ ወር የሆነው፣ ነገር ግን አጥሩን እየዘለለ የሚወጣ ልጅ ምን ይደረግ? አካሉ «ልውጣ» ይላል፤ አእምሮው ግን ገና አልደረሰም። ሁለቱ ሲጋጩ የሚቀድመው የአካሉ ነገር ነው፤ የተቋረጠ እንቅልፍ ይካሳል፣ የተጎዳ ጭንቅላት ግን በቀላሉ አይካስም። ስለዚህ ልጁ ይዛወራል፤ የአጥሩን ሥራ ግን ክፍሉ ይረከበዋል። ይህም ሦስተኛው ጉዳያችን ነው።

በክፍት አልጋ የሚተኛ ልጅ ሌላው ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ብቻውን ሊነሣ ይችላል። ወላጅ በልጁ ቁመት ልክ በርከክ ብሎ ክፍሉን መቃኘት አለበት። ቁም ሳጥኑና መሳቢያ ያለው ዕቃ ሁሉ ከግድግዳው ጋር ይታሰር፤ ልጅ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ሲረግጠው ይገለበጥበታልና። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ መስኮቱ ፍርግርግ ይኑረው፣ የበረንዳው በር ይዘጋ፤ አልጋውም ከመስኮት ይራቅ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውኃ የተሞላ ባልዲ ክዳን ይኑረው፤ ትንሽ ልጅ በባልዲ ውኃም ሊሰጥም ይችላል። በረኪናና ላምባ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ በመኝታ ክፍል ፈጽሞ አይደር። በሩን ግን በልጁ ላይ አትቆልፉት፤ እሳት ቢነሣ መውጫ ያጣል። በበሩ ላይ ዝቅተኛ የልጆች መከለያ ማድረግ የተሻለ ነው።

በአገራችን ብዙ ልጆች ባለአጥር አልጋ አይተው አያውቁም፤ ከእናታቸው ጎን ተኝተው ያድጋሉ። ለእነርሱም ቢሆን ከእናት ጎን ወደ ራሳቸው መኝታ መሸጋገር ያው አንድ ጉዳይ ነው፤ ራስን የመግታት አቅምና የክፍሉ ይዞታ በእኩል ይጠየቃሉ። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወባ ባለበት ቆላማ አካባቢ ልጁ ከእናቱ አጎበር ሲወጣ የራሱ አጎበር ሊጠብቀው ይገባል። አጎበሩ ከመገኘቱ በፊት ልጁን ማዛወር ከአንድ ጥበቃ አውጥቶ ለሌላ አደጋ ማጋለጥ ነው።

ብዙ ቤተሰብ አልጋ የሚለውጠው ታናሽ ሲወለድ ነው። ታላቁ ልጅ የእናቱን ጊዜና አልጋውን በአንድ ሳምንት ካጣ ግን አልጋውን የነጠቀው ሕፃኑ ይመስለዋል። ከተቻለ ከወሊዱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ማለት፣ ካልሆነም አራሱ ቤት እስኪረጋጋ መቆየት ይሻላል። በሕመም ወይም ቤት በሚለወጥበት ሰሞንም ጊዜው አይደለም።

አፈጻጸሙ ቀላል ነው። ፍራሹን ወለሉ ላይ ወይም ዝቅተኛ አልጋ ላይ አንጥፉ፤ በፍራሹና በግድግዳው መካከል ልጁ የሚሰነቀርበት ክፍተት አይኑር። የቀድሞውን የመኝታ ሥርዓት፣ ማለትም ትጥበቱን፣ ተረቱንና መብራት ማጥፋቱን፣ በነበረው ቅደም ተከተል ቀጥሉ። ልጁ ሲነሣ ሳትቆጡና ሳትጫወቱ እጁን ይዛችሁ መልሱት፤ አሥር ጊዜ ቢነሣ አሥር ጊዜ መልሱት። ልጁ የማይታየውን አጥር የሚማረው ከወላጁ ጽናት ነው። ከሳምንታት በኋላም እንቅልፉ ካልተስተካከለ፣ ወይም ልጁ የሚጥል በሽታ ወይም የእድገት ልዩ ሁኔታ ካለው ሐኪም ማማከር ይገባል።

በመጨረሻም፣ ከ89 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ አጥሩን ለመዝለል ያልሞከረና ሌሊቱን በሰላም የሚያድር ልጅ ካላችሁ፣ የጎረቤት ልጅ ተዛወረ ተብሎ የሚያስቸኩል ነገር የለም። መንጠላጠል የጀመረ ልጅ ካላችሁ ግን የልደት ቀኑን አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ክፍሉን አዘጋጁ።