ለመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች የሊኑክስ ሥርጭት ሲመረጥ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ነባር ኮምፒውተሮቻቸውን ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ያሰቡ መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው የሚያነሡት «የትኛው ሥርጭት የተሻለ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። «የትኛው ለረጅም ጊዜ ይደገፋል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?» ብሎ መጀመር ግን ይበልጥ ይጠቅማል።

በጣና ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው በደልጊ ከተማ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤትን እንውሰድ። ባለሙያ ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር የሚጠራ ከሆነ፣ በየዓመቱ አዲስ እትም መጫን አይታሰብም። የፌዶራ አንድ እትም የሚደገፈው ለ13 ወራት ያህል ብቻ ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ቦታ አይመከርም። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትሞች ግን 5 ዓመት፣ ዴቢያንም ከተጨማሪ ድጋፉ ጋር 5 ዓመት ያህል ያገለግላሉ። የተነገረ ዘመን ሁሉ አይጸናም፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል የተባለው ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ ተቋርጧል።

ከሥርጭቱም ይልቅ የሚያሳስበው የአማርኛ ሰነድ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ በሁሉም ሥርጭቶች ይነበባል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግእዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተዘጋጁ ደብዳቤዎች ግን የቀድሞው ፊደል ካልተጫነ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ነባሩ ሥርዓት ሳይነሣ ወደ ዩኒኮድ ሊቀየሩ ይገባል። ማተሚያውና ስካነሩም አስቀድመው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይሞከሩ፤ ሞካሪዋም የኮምፒውተር ባለሙያው ሳይሆን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ብትሆን ይመረጣል።