ከሉሑ እስከ ታፔላው



ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሙስሊም መንገደኛ ጥሊሊ ደርሶ ከመኪና ሲወርድ፣ ከምግቡ በፊት ዐይኑ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። በአረንጓዴ ቀለም የተሳለች ጨረቃና ኮከብ፣ ከአጠገቧም «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ። ያችን ታፔላ ያየ እንግዳ ማንንም ሳይጠይቅ ገብቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ ይበላል። በብሩሽ የተጻፉ ሦስት ቃላት የማያውቁትን ሰው ያሳምናሉ ማለት ነው።

ታዲያ ያችን ታፔላ የጻፈው ማነው? እውነቱን ለመናገር እኛም ለዓመታት በሥሯ ስናልፍ ጠይቀን አናውቅም። እንድንጠይቅ ያደረገን አንድ ተማሪያችን ነው።

እኛ በቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ እናስተምራለን። አንድ ቀን የሰባተኛ ክፍል ደብተር ስናርም ከአንዱ ልጅ ደብተር ላይ ዐይናችን ቆመ። በየገጹ ርዕሱ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ፊደሎቹ ጥላ አላቸው፣ ጠርዛቸው በድርብ መስመር ተከቧል፣ እግራቸው እንደ ሐረግ ተጠምዟል። ከርዕሱ በታች ያለው ማስታወሻ ግን ከግማሽ በላይ ይጎድላል። «ትምህርቱ የታለ?» ብለን ገጹን በቀይ እስክርቢቶ ሰረዝነው። ልጁ አልተከራከረንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማስታወሻውን እየሞላ፣ ርዕስ መጻፉን ጨርሶ ተወ። ያን ባዶ ቦታ ባየን ቁጥር ያጠፋነው እኛ መሆናችን ይሰማን ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊ የሆኑት አባቱ መጡ።

«መምህር፣ ይህ ልጅ ከክፍል ሲወጣ ወደ ሱቄ መምጣቱን ትቷል። ታፔላ ጸሐፊው ደጃፍ ነው የሚውለው። እባክዎ ይምከሩልኝ።»

«ምን ነገር አዩበት ጋሼ?» አልናቸው።

«ነገ የአረቄ ቤት ታፔላ ጻፍ ይሉታል። የሰው መልክ ሳል ይሉታል። ደግሞስ ከቀለም ምን እንጀራ ይገኛል? ዛሬ ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል።»

መልስ አልነበረንም። «እናስብበት» ብለን ሸኘናቸው። ይህ ጽሑፍ ያሰብነውን ለእርሳቸውም፣ እንደ እርሳቸው ለሚጨነቁ ወላጆችም የምናቀርብበት ነው።

የበረኛው ልጅ

መጀመሪያ የወረደው ወህይ ማንበብንና ብዕርን የሚያነሳ መሆኑን የማያውቅ የመድረሳ ልጅ የለም። ከበድር ዘመቻ በኋላም ቤዛ የሚከፍሉበት ገንዘብ የሌላቸው፣ ግን ጽሕፈት የሚያውቁ ምርኮኞች ለዐሥር የመዲና ልጆች መጻፍ አስተምረው ነጻ እንዲወጡ መደረጉን የሲራ ሊቃውንት ይተርካሉ። ሊወጋ የመጣ ጠላት እንኳ መጻፍ የሚያውቅ እጁ ዋጋ አገኘ።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት ጽሕፈት በሙስሊሞች ዘንድ ትልቅ ጥበብ ሆነ። የዐባሲዮች ሚኒስትር የነበረው ኢብን ሙቅላ (እ.ኤ.አ. በ940 የሞተ) ፊደልን በልክ እንዲጻፍ አደረገ። መለኪያው ብዕሩ ወረቀት ላይ ተጭኖ የሚተዋት ነጥብ ናት። የአሊፍ ቁመት በነጥብ ይቆጠራል፣ የሌሎቹም ፊደላት ስፋትና ጥምዝ ከአሊፍ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ጽሑፉ ቢተልቅም ቢያንስም መልኩን አይስትም።

ይህን ሥርዓት ወደ ላቀ ውበት ያደረሰው የባግዳዱ ኢብን አል-በዋብ ነው። ስሙ «የበረኛው ልጅ» ማለት ነው፤ አባቱ በር ጠባቂ ነበርና። እርሱም ሥራ የጀመረው የሰው ቤት ግድግዳ በማስጌጥ ነበር፤ በኋላ መጻሕፍት ወደ ማስጌጥ፣ ከዚያም ወደ ጽሕፈት ተሸጋገረ። በ391 ዓመተ ሒጅራ የጻፈው ቁርአን ዛሬም ደብሊን ከተማ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። እንግዲህ ከሺህ ዓመት በፊት አንድ ሰው «የግድግዳ ቀለም ቀቢ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢከለክለው ኖሮ ምን ያህል ነገር እንደምናጣ አስቡት።

ነፍስ ያላቸውን ፍጥረታት ስለ መሳል ዑለማዎቻችን በሰፊው ተናግረዋል፤ ብዙዎቹም ከልክለዋል። በፊደል፣ በሐረግ፣ በቅጠል፣ በማዕዘንና በክብ ጌጥ በኩል ግን በሩ ሰፊ ነው። መስጊዶቻችንን ያስዋቡት የቀደሙት ሰዎችም የተጠቀሙት በዚሁ በር ነው።

በውጭ የፈለገው በቤቱ የነበረ

የጎረቤታችን የሱዳን ሰው የሆነው ሰዓሊ ኢብራሂም ኤል-ሰላሂ እ.ኤ.አ. በ1930 በኦምዱርማን ተወለደ። አባቱ የቁርአን አስተማሪ ስለነበሩ በልጅነቱ ብዕር የያዘው ሉሕ ላይ ነው። አድጎ በለንደን በታወቀው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረና እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ አገሩ ተመለሰ። በካርቱም ሥዕሎቹን ሲያሳይ በመክፈቻው ቀን ሰው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝር የሚል ጠፋ። ወገኖቹ በሥዕሎቹ ውስጥ ራሳቸውን አላገኙም ነበር።

ሰዓሊው በሰዎቹ አልተቆጣም። ሕዝቡ ምን እንደሚወድ ለማየት በአገሩ ዞረ። በየቤቱ የተሰቀለውን የዐረብኛ ጽሑፍ፣ በዕቃዎች ላይ ያለውን ጌጥ አስተዋለ። ከዚያም ፊደሉን እየሰነጠቀ፣ እያስረዘመ፣ በውስጡ ያለውን ቅርጽ እያወጣ መሳል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራዎቹ በለንደን ቴት ሞደርን ለብቻቸው በሰፊው ሲታዩ፣ በዚያ ቤተ መዘክር እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሰዓሊ ሆነ። ወደ ለንደን ሄዶ ብዙ ተምሯል፤ የራሱን መንገድ ያገኘው ግን ልጅ ሆኖ ሉሕ ላይ በጻፈው ፊደል ነው።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለደው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ተመርቆ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ፣ የሥዕሎቹን መሠረት ያደረገው የአማርኛ ፊደልን ነው። ሀ ሁ ሂ ብለን የምንቆጥራቸው ፊደላት በእርሱ ሸራ ላይ ይዘረጋሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ይተቃቀፋሉ።

በሐረር ከተማ በሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ቁርአኖችና ኪታቦች ተሰብስበው ይታያሉ። የወሎ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር፣ አማርኛን በዐረብ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ ጽፈው ሕዝብ አስተምረዋል። የእኛ የጥሊሊ ልጆችስ? አማርኛና አዊኛ በግዕዝ ፊደል፣ ቁርአን ደግሞ በዐረብ ፊደል ይጽፋሉ። አንዱን ከግራ፣ ሌላውን ከቀኝ የሚጀምር እጅ ትንሽ ሀብት አይደለም።

ስለ እንጀራው

አባትየው «ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል» ማለታቸው ውሸት አይደለም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፊደል የሚቆርጡ የኮምፒውተር መሣሪያዎች ሲመጡ ብዙ የእጅ ጸሐፊዎች ሥራቸውን ትተዋል። ከዓመታት በኋላ ግን ወጣቶች የቀሩትን አረጋውያን እየፈለጉ መማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ እነርሱ መጽሐፍ፣ በተከታዩ ዓመትም ፊልም ወጣ። የድሮ መልክ ያለው ጽሑፍ ዛሬ በብዙ ከተሞች የሚከበር ሆኗል።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን እንመልከት። ለመድረሳችን በፕላስቲክ ሸራ ያሳተምነው ባነር የጥሊሊን ዝናብና ፀሐይ አልቻለም። ቀይዋ ቀለም ነጣች፣ ጠርዙ ተቀደደ። በቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፈችው የምግብ ቤቷ ታፔላ ግን ደብዝዛም ትነበባለች፤ ብትደበዝዝም በላይዋ ማደስ ይቻላል። ሆኖም ወላጅን ማታለል አይገባንም። በትንሽ ከተማ በታፔላ ብቻ ቤት ማስተዳደር ከባድ ነው። ልጁ ትምህርቱን አይተው፤ ይህን ከትምህርቱ ጋር ይያዝ።

የአረቄ ቤቱን ጉዳይ ግን አባትየውን መልሰን ጠየቅናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ አምጥተውልዎት አልሰፋም ያሉት ልብስ የለም?»

ትንሽ ዝም አሉና «አለ» አሉን።

«ገንዘቡ አልቀረብዎትም?»

«ቀርቶብኛል። አልሐምዱሊላህ፣ ሪዝቁ ግን አልጎደለም።»

መልሱ ይኸው ነው። መርፌው ሐራም እንዳልሆነ ሁሉ ብሩሹም ሐራም አይደለም። ልጁ እምቢ የሚለውን ሥራ ከአባቱ ይማራል። ከዚህም ጋር ሌላ አደብ ይማራል፦ የአላህ ስም ያለበትን ጽሑፍ በሚረገጥ ወይም በቆሸሸ ቦታ አለማኖር።

ለመጀመር የሚያስፈልገው

ወጣቶች ሆይ! ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። የአዊ ምድር ቀርከሃ ሞልቶታል። የደረቀ ቀርከሃ በጣት ስፋት ሰንጥቁ፣ ውስጡን ፍቃችሁ አሳሱ፣ ጫፉን አግድም ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቀለም እንዲይዝም መሐሉን በትንሹ ሰንጥቁት። ጥላሸት በውኃ ከተፈታ ሙጫ ጋር ብታሹ ቀለም ይሆናችኋል። ከዚያ ነጥብ ጣሉና አሊፍን በነጥብ ለኩ፤ ቀጥሎም ያንኑ ልክ ለ«ለ» እና ለ«ሰ» ሞክሩት። በብሩሽ ስትጽፉ በጠመኔ መስመር አስምሩ፤ ሥራውንም መንገድ ተሻግራችሁ ከሩቅ አንብቡት። እናቶች የሚሰፉትን ሰፌድ፣ በጋቢ ጠርዝ ያለውን ጥለት፣ በአሮጌ ሱቅ በር ላይ የቀረውን ጽሑፍ እያያችሁ በደብተር ገልብጡ።

ያ ተማሪያችን ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከታፔላ ጸሐፊው ዘንድ ብሩሽ ያጥባል፣ ቀለም ያቀጥናል። ለመድረሳችንም በቆርቆሮ ላይ አዲስ ታፔላ ጻፈ። «መድረሳ» ከሚለው ቃል የመጨረሻው «ሳ» ቦታ አጥቶ ጠርዝ ላይ ተጣብቋል። ጌታው አይቶ «ፊደሉን ቆጥረህ ከመሐል ጀምር» አለው። ልጁ ሊያጠፋው ፈልጎ ነበር፤ እኛ ግን ይኑር አልን። በጀርባው ደግሞ በትክክል ጻፈው። ከወዲህ የሚመጣ አንዱን፣ ከወዲያ የሚመጣ ሌላውን ያነባል።

ደብተሩን በድጋሚ ስናርም ከላይ ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነበር። ቀዩን እስክርቢቶ አስቀምጠን በእርሳስ «ርዕሱን ጻፍ» ብለን ጻፍንለት። በሳምንቱ ማስታወሻው ሙሉ ሆኖ፣ ርዕሱም ከነጥላው ተመልሶ አገኘነው።

አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን እጅ ለመልካም ነገር የተገራ ያድርግልን፤ እኛንም ሳናስተውል ከመሰረዝ ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።