ብርድ የሚሠራው ቱቦ

ደብረ ወርቅ ብርድ አገር ነው። ቤታችንን የሚያሞቅ እሳት እንጂ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አንሻም። ነገር ግን ቀንም ሌሊትም ቅዝቃዜ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለን። እሱም የልጆቻችን ክትባት ነው።

ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ከሞቀ ኃይሉን ያጣል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደግሞ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። በኃይል አልባ ክትባት የተወጋ ልጅ ተከተበ ተብሎ ሳለ በሽታው ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ክትባት በፍሪጅ ይቀመጣል።

ፍሪጅ ብርዱን ከየት ያመጣዋል? ውኃ የያዘ ገንቦ እንመልከት። ገንቦው ያልበዋል። ላቡ በነፋስ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ውኃውም ይቀዘቅዛል። ፍሪጅም እንደዚሁ ነው። በቱቦው ውስጥ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ በፍሪጁ ሆድ ሲያልፍ ይተናል፤ ሙቀቱንም ይወስዳል። ሞተሩ እንፋሎቱን ጨምቆ ወደ ጀርባው ቱቦ ይልከዋል። እዚያ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። የገንቦው ላብ በንኖ ይቀራል፤ የቱቦው ግን ዞሮ ይመለሳል።

በሞቃት አገር፣ ለምሳሌ በድሬዳዋና በጋምቤላ፣ ቤት የሚያቀዘቅዘው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱ ክፍል ከቤት ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ይሰቀላል። ሁለቱን የሚያገናኙ የመዳብ ቱቦዎች ናቸው። ባለሙያው ሲገጥማቸው እንዲህ ያደርጋል፦

1. ቱቦው እንዳይጨፈለቅ ቀስ አድርጎ ያጥፈዋል።
2. ናይትሮጅን የሚባል ደረቅ ጋዝ ሞልቶ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ይቀባዋል። አረፋው ፊኛ እየሠራ ከተነፋ ቱቦው ያፈሳል ማለት ነው።
3. በውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጥጦ ያወጣል። እርጥበት ከቀረ በጠባቡ መተላለፊያ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል።

እንግዲህ ቱቦው ከተበሳ ፈሳሹ ያልቃል፤ ሞተሩ ቢጮህም ብርድ አይኖርም። ፍሪጅ ወደ ጤና ኬላ ሲመጣ ለሸክም የምንጠራው እኛው ነን። ስለዚህ ቀጥ አድርገን እንሸከም፤ የጀርባውን ቱቦ አንያዝ። በውስጡ የጋገረውን በረዶ ማንም በቢላዋ እንዳይፈቀፍቅ እንንገር። ፍሪጁ ጠፍቶ በራሱ ይቅለጥ፤ ክትባቱን ግን የጤና ሠራተኛው አስቀድሞ በረዶ ወዳለበት ሣጥን ያዛውረው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንዲት ቀዳዳ የስንቱን ልጅ ክትባት ታበላሻለች!

ጥያቄዎች
1. የፍሪጅ ጀርባ ለምን ይሞቃል?
2. በረዶን በቢላዋ መፈቅፈቅ ምን ጉዳት አለው?